ካፓሲተር የማይረብሸው ሪፈረንስ

ኤልኤም4040ን፣ ማለትም ለመለኪያ መነሻ የሚሆን ቋሚ ቮልቴጅ (ሪፈረንስ) የሚሰጠውን ቺፕ፣ መጠቀም ከጀመርኩ ወራት አልፈዋል። የያዝኩት ባለ 4.096 ቮልቱን ነው። ቮልቴጅን በ4096 ደረጃ ከፍሎ ወደ ቁጥር ከሚቀይር 12 ቢት ኤዲሲ ጋር ሲገጥም እያንዳንዷ ደረጃ 1 ሚሊ ቮልት ትሆናለች፤ ሂሳቡ ይቀላል። ልቤን የወሰደው ግን ሌላ ነገር ነው። ካፓሲተር ቢታሰርበት አይረበሽም።

ከዚህ በፊት እዚሁ ቦርድ ላይ ቲኤል431 የሚባል ሌላ ሪፈረንስ ቺፕ ነበር። ለፓወር ሰፕላይ ፊድባክ ግሩም ነው፣ አልክድም። ኤዲሲ ግን በለካ ቁጥር ከሪፈረንሱ ላይ በቅጽበት ከረንት ይስባል። ያኔ ቮልቴጁ እንዳይወርድ አጠገቡ ካፓሲተር ይፈለጋል። ቲኤል431 ደግሞ ካፓሲተር ይመርጣል። በጣም ትንሽ ከሆነ ችግር የለም፤ በጣም ትልቅ ከሆነም ችግር የለም። መሃል ላይ ያለው ሲገባ ነው መወዛወዝ የሚጀምረው። የቱ መጠን እንደሚያወዛውዘው ደግሞ እንደ ቮልቴጁና እንደሚያልፍበት ከረንት ይለያያል፤ ዳታሺቱ ላይ ግራፍ አለው። መልቲሜትር ላይ ሁሉም ሰላም ይመስላል። ኦሲሎስኮፕ ሲመጣ ነው ጉዱ የሚወጣው።

ኤልኤም4040 ላይ ይህ ጣጣ የለም። ለመረጋጋት ካፓሲተር አይፈልግም፤ ቢጨመርለትም አይወዛወዝም። ትንሹንም ትልቁንም እያፈራረቅኩ አሰርኩበት፤ መስመሩ ቀጥ እንዳለ ነው። የኤዲሲው ንባብም መዝለሉን ተወ። ሌላ ምንም ባይኖረው እንኳ በዚህ ብቻ መግዛቴ አይቆጨኝም።

ኤልኤም4040 ሻንት የሚባለው ዓይነት ነው፤ እንደ ዜነር ዳዮድ ከጭነቱ ጎን ተያይዞ ቮልቴጁን ይይዛል። ሲሪስ የሚባለው ደግሞ በመስመሩ መሃል ይገባል። "ሻንት ያው ዜነር ነው፣ ሲሪስ ሪፈረንስ ውሰድ" የሚል ሻጭ አይጠፋም። ወንድሜ፣ የትኛው ተራ ዜነር ነው 0.1 ሚሊ አምፔር በማይሞላ ከረንት ቮልቴጁን አጥብቆ የሚይዘው? ይሄ ይይዛል። ቲኤል431 እንኳ እስከ 1 ሚሊ አምፔር ይጠይቃል። በእርግጥ ሻንት የተረፈውን ከረንት ራሱ ነው የሚያቃጥለው። በትንሽ ባትሪ ለዓመታት ለሚሠራ ዕቃ ሲሪስ ይሻላል ብትለኝ አልከራከርህም። የኔ ግን ሁሌም ሶኬት ላይ ነው።

ቺፑ እንደ ትክክለኛነቱ በግሬድ (ኤ፣ ቢ፣ ሲ) ተለይቶ ይሸጣል። ደግሞ "ኤ ግሬዱን ካልገዛህ" ብሎ የሚያጣድፍ አለ። የኤ ስህተት 0.1 በመቶ ነው፣ የሲ 0.5 በመቶ። ጥሩ። ግን ሙቀት ሲለዋወጥ ለኤም ለቢም ለሲም የተሰጠው ገደብ አንድ ነው፦ በዲግሪ 100 ፒፒኤም (ከሚሊዮን መቶ እጅ)። በ4.096 ቮልት ላይ ይህ በዲግሪ 0.4 ሚሊ ቮልት ገደማ ነው። 10 ዲግሪ ከሞቀ እስከ አራት ደረጃ ሊሸሽ ይችላል ማለት ነው። የመነሻውን ስህተት አንዴ ካሊብሬት አድርጌ አጠፋዋለሁ፤ የሙቀቱን ግን ኤ ግሬድም አያድነኝም። ስለዚህ ሲ ገዛሁ፣ በቃኝ። በ16 ቢት የሚለካ ሰው ግን ከሙቀት ጋር የማይዋዥቅ ሌላ ሪፈረንስ ይፈልግ።

የምትገዙት ባለ ሦስት እግሩን ትንሹን ፓኬጅ ከሆነ፣ ሦስተኛውን እግር ባዶ ተዉት ወይም ከአኖዱ (ከኔጌቲቭ እግሩ) ጋር አገናኙት። ሌላ ቦታ እንዳታስሩት።