የአፈር እርጥበት ሴንሰሮቼ ቆቦ ላይ፦ ከ10 ወር በኋላ

ሴንሰሮቹ መረጃቸውን ወደ መቀበያ የሚልኩት በሬዲዮ ሞገድ ነው፤ ካርቶኑ ላይ «እስከ 10 ኪሎ ሜትር» ይላል። ማሳዬ ከቤቴ ቢርቅ 900 ሜትር ነው። ምን ያስጨንቀኛል ብዬ ጥር ላይ ስድስቱን ሴንሰሮች በግማሽ ቀን ተክዬ፣ መቀበያውን ከጣሪያው ጠርዝ አስሬ ገባሁ። ቆቦ ሜዳ ነው፤ ያኔ ማሳው ላይ የነበረው ከጉልበት የማይደርስ የመስኖ ሽንኩርት። መረጃው ሳይቋረጥ ይመጣ ነበር።

ክረምት ገባ፣ ማሽላው ከሰው ቁመት አለፈ። ነሐሴ መጨረሻ መሃል ያሉት ሁለቱ ዝም አሉ። ባትሪ መስሎኝ ቀየርኩ፤ ባትሪው ደህና ነበር። ስህተቱ የኔ ነው፤ ባዶ ማሳ አይቼ ነው ያቀድኩት። ውሃ ያዘለ ቅጠልና አገዳ ሞገዱን ይውጠዋል። ሞገዱም ቢሆን እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ መሃል ላይ ይሰፋል። ሴንሰሮቹ በሚልኩበት ድግግሞሽ፣ በ868 ሜጋኸርዝ፣ በ900 ሜትር ርቀት፣ መሃሉ ላይ ወደ ላይም ወደ ታችም 9 ሜትር ያህል ይዘረጋል። የሴንሰሮቼ አንቴና ግን ከመሬት አንድ ክንድ ነበር።

መፍትሔው እዚያው ማሳ ውስጥ ቆሞ ነበር፦ የወፍ መጠበቂያው ማማ። መቀበያው ሲም ካርድ ስለሚይዝ የግድ ቤት መሆን አያስፈልገውም፤ ከትንሽ ሶላር ጋር ማማው ላይ ሰቀልኩት። የሴንሰሮቹን አንቴና ደግሞ በቀርከሃ ከማሽላው ራስ በላይ አወጣሁ። ሁለቱም ተመለሱ። (የወፍ ጠባቂዎቹ ልጆች ወንጭፍ እስካሁን አልመታቸውም ማለት አልችልም፤ አንዱ ቀርከሃ ተሰብሯል።)

ይበልጥ ያናደደኝ ግን ዋልካው ነው። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ በሴንሰሩ ጎን ካለፈ አየር ይገባና ሴንሰሩ መሬቱ አመድ የሆነ ይመስል ያነባል። ሚያዝያ ላይ በዚህ ተታልዬ እርጥብ መሬት ላይ የመስኖ ሞተር አስነስቻለሁ። አሁን ከጉድጓዱ የወጣውን አፈር በውሃ ለውሼ ዙሪያውን እጠቀጥቃለሁ። ንባቡን ወደ እርጥበት መጠን የሚቀይረው፣ ፋብሪካው የሞላው ስሌትም ለዋልካ አልሆነም፤ አፈር መዝኜ፣ በአሮጌ ምጣድ አድርቄ፣ እንደገና መዝኜ ራሴ አስተካከልኩት።

በየ15 ደቂቃው መላክ ባትሪ መጨረስ ነው፤ በየሰዓቱ ይበቃል።

ጥቅሙስ? ሽንኩርቱን በየ4 ቀኑ አጠጣ ነበር። 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለው ሴንሰር ውሃው ከሥር በታች እየወረደ መሆኑን ሲያሳየኝ ወደ 6 ቀን ገፋሁት፤ ናፍጣው ቀነሰ፣ ሽንኩርቱ አልተጎዳም። ለዚህ ብቻ ድጋሚ እገዛዋለሁ።

ማሽላው ሊታጨድ ነው። ማማውን ለማገዶ እንዳያፈርሱት ለልጆቹ ነግሬያለሁ።