ቱቦ ወይስ ድልድይ? አውራ ጎዳና የዓሣ ወንዝ ሲያቋርጥ

አውራ ጎዳና ወንዝ ሲያቋርጥ መሐንዲሱ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ውሃውን በቱቦ አሳልፎ ከላይ አፈር ይሞላል ወይም ድልድይ ይሠራል። ቱቦው ርካሽ ነው፣ ቶሎም ይገጠማል፤ ዓሣ ለማይደርስበት የክረምት ፈፋ ከዚያ በላይ ማውጣት አያስፈልግም።

ዓሣ በሚመላለስበት ወንዝ ላይ ግን ሁኔታው የተለየ ነው። ላቤዮባርበስ ከሚባሉት የጣና ሐይቅ የዓሣ ዝርያዎች በርከት ያሉት በክረምት ወደ ጉማራና ርብ የመሳሰሉ ገባር ወንዞች ወጥተው፣ ንጹሕ ውሃ በሚፈስበት ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ጠባብ ቱቦ የውሃውን ፍጥነት ስለሚጨምረው እንዲህ ያለው ዓሣ ሽቅብ መዋኘት ሊያቅተው ይችላል፤ በቱቦው መውጫ ያለው አፈር እየተሸረሸረ ሲሄድም እርከን ስለሚፈጠር፣ ሲገጠም ዓሣ ያሳልፍ የነበረው ቱቦ ከዓመታት በኋላ ዝግ በር ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የሳልመን ዓሣን መተላለፊያ የዘጉ የአውራ ጎዳና ቱቦዎች ጉዳይ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. ዳኞቹ 4 ለ 4 በመከፈላቸው ግዛቱ ቱቦዎቹን እንዲያስተካክል በሥር ፍርድ ቤት የተሰጠው ትእዛዝ ጸንቷል። ርካሹ ምርጫ ዘግይቶ ሲያስከፍል ይህን ይመስላል።

ድልድይ የወንዙን አልጋ እንዳለ ይተወዋል፤ እኔም ለዓሣ ወንዝ የምመርጠው እርሱን ነው። ሆኖም በግንባታው ወቅት ያልደረቀ ኮንክሪት ወደ ውሃው ከገባ ዓሣውን ይጎዳል፣ የተቆፈረው አፈርም ደለል ሆኖ ጠጠሩን ይሸፍናል። ስለዚህ የመሠረት ሥራው ውሃው ሲቀንስ በበጋ ተጀምሮ፣ ዓሣው መውጣት ከሚጀምርበት ከሐምሌ በፊት ማለቅ ይኖርበታል።