በበረዶ መሀል ፀሐይ መሞቅ፦ የሪዩካን መስታወቶችና ኬብል ካር

ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ኅዳርንና ታኅሣሥን የሚያስታውሳቸው በጠዋት ፀሐይ ነው። ሌሊቱን ውርጭ የመታው ሣር ገና ነጭ እንደሆነ፣ ጋቢያችንን ተከናንበን ምሥራቅ ከሚያይ ግንብ ሥር እንቀመጥና ሙቀቱ አጥንታችን ድረስ እስኪዘልቅ ዝም እንል ነበር። ኑሮዬን ኦስሎ ካደረግሁ ወዲህ ከሁሉ አብልጦ የናፈቀኝ ያ ግንብ ነው፤ እዚህ በታኅሣሥ ፀሐይ በቀትር እንኳ ከአድማስ በላይ ከፍ የምትለው 7 ዲግሪ ያህል ብቻ ነውና፣ ከመንገዱ ማዶ ያለ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ቀኑን ሙሉ ሊጋርዳት ይበቃል። ስለዚህ በክረምት ፀሐይ የሚሞቅበት ቦታ ስፈልግ ከርሜ፣ ከኦስሎ በመኪና ሦስት ሰዓት ገደማ ወደምትርቀው የኖርዌይ ከተማ፣ ወደ ሪዩካን፣ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፤ መጀመሪያ በጥር፣ ቀጥሎ በመጋቢት።

ሪዩካን የፀሐይን ነገር ከማንም በላይ የምታውቅ ከተማ ናት። 1,883 ሜትር ከፍታ ያለው ጋውስታቶፐን በሚገኝበት በደቡብ በኩል ያሉት ተራሮች ስለሚጋርዷት፣ ከመስከረም አጋማሽ በኋላ እስከ መጋቢት መግቢያ ድረስ የፀሐይ ጨረር ሸለቆዋ ውስጥ አይገባም። ሰው እዚያ የሰፈረው በአካባቢው ያለውን የፏፏቴ ኃይል ፈልጎ ነው፤ ሳም ኤይደ የመሠረተው ኖርስክ ሂድሮ የተባለው ኩባንያ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በኤሌክትሪክ ኃይል የአፈር ማዳበሪያ ለማምረት ፋብሪካውን ሲተክል፣ ከተማዋም አብራ ተተከለች። ሠራተኞቹ ስድስት ወር ያህል ጥላ ውስጥ እንደሚኖሩ የተገነዘበው ኩባንያ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1928 ክሮሶባነን የተባለውን ኬብል ካር፣ በሽቦ ገመድ ተንጠልጥሎ ሰው ወደ ተራራ የሚያወጣ መጓጓዣ፣ ሠርቶ ሰጣቸው። ዓላማው የከተማው ሰው በክረምት ወደ ተራራው ወጥቶ ፀሐይ እንዲያገኝ ነበር። አንድ ድርጅት ለሠራተኞቹ ፀሐይን እንደ ደሞዝ ሁሉ የሚገባቸው ነገር አድርጎ መቁጠሩ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል።

መስታወቶቹ ግን አዲስ ናቸው። ፀሐይን በመስታወት ወደ ከተማው የማውረድ ሐሳብ በ1913 ኦስካር ኪቲልሰን በተባለ የሂሳብ ሠራተኛ ቀርቦ ነበር፤ ተግባራዊ የሆነው ግን ማርቲን አንደርሰን የተባለ ሠዓሊ ሐሳቡን መልሶ ካነሣው በኋላ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ በ2013 ነው። እያንዳንዳቸው 17 ካሬ ሜትር የሆኑ ሦስት መስታወቶች ከከተማው 450 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በሰሜኑ ተራራ ላይ ተተክለው፣ በኮምፒዩተር እየተመሩ ፀሐይን ይከተላሉ፤ ብርሃኑንም 600 ካሬ ሜትር ያህል በሚሆን ሞላላ ቅርጽ አደባባዩ ላይ ያሳርፉታል።

በጥር የሄድኩ ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ብርሃኑ ከጠበቅሁት በላይ ጠንካራ ሆኖ አገኘሁት፤ ጥላዬ በበረዶው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር፣ ዓይኔን ወደ ተራራው ባነሣሁ ቁጥርም መልሼ ለመጨፈን እገደድ ነበር። ጉንጬ ላይ ለብ ያለ ነገርም ተሰምቶኛል። ሆኖም ያ ቦታ ብርሃን የሚታይበት እንጂ ሙቀት የሚጠገብበት አይደለም፤ ነፋስ በሌለበት ጥርት ባለ ቀን ብርዱ እንደ ውኃ ወደ ሸለቆው ወርዶ ስለሚተኛ፣ ከእግር የሚመጣው ቅዝቃዜ ከላይ የሚመጣውን ሙቀት ያሸንፈዋል። ግማሽ ሰዓት ከቆየሁ በኋላ ጣቶቼ ደነዘዙ።

ፀሐይ መሞቅ የሚባለውን ነገር ያገኘሁት በኬብል ካሩ ነው። ጥቂት ደቂቃ ብቻ በሚፈጀው ጉዞ ከሸለቆው ጥላ ተነሥቶ 890 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለው ግቬፕሴቦርግ ወደተባለው የላይኛው ጣቢያ ሲወጣ፣ ጥላው ከታች ቀርቶ ብርሃኑ በመስኮቱ ሲገባ ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ፊታችንን ወደዚያው አዞርን። ሽማግሌዎችም ሕፃናትም ነበሩ።

ላይ ከደረሱ በኋላ ኖርዌያውያን የሚያደርጉትን ማድረግ ያዋጣል። ወደ ደቡብ ባጋደለ ቁልቁለት ላይ በአካፋ ጉድጓድ ቆፍረው፣ የወጣውን በረዶ ነፋስ በሚመጣበት በኩል እንደ ግድግዳ ይከምሩና፣ የአጋዘን ቆዳ አንጥፈው ደገፍ ብለው ይቀመጣሉ፤ ሱልግሩፕ ይሉታል፣ የፀሐይ ጉድጓድ ማለት ነው። ሚስጥሩ ቀላል ነው፤ ሰውነት ያሞቀውን ስስ አየር የሚገፈው ነፋስ ነው፣ እርሱ ከተከለከለ ደካማዋ ፀሐይ ትበቃለች፣ ነጩ በረዶም ብርሃኑን ከሥር መልሶ ያደርሳል። የአጋዘኑ ቆዳ ለእኛ አጎዛ ነው፤ አጎዛ ያለው ሰው ሌላ መግዛት አያስፈልገውም። ጋቢን በሚመለከት ግን ከተሞክሮ ልንገራችሁ፤ ጥጥ የቀለጠ በረዶ ከነካው እርጥበቱን ይዞ ስለሚቀር፣ ከውስጥ ሱፍ ለብሶ ጋቢውን ከላይ መደረብ እንጂ ፈጽሞ መሬት ላይ ማንጠፍ አይገባም። ጎረቤቶቼ ብርቱካን ሲልጡ እኔ ቆሎዬንና በፔርሙዝ የያዝኩትን ቡና አወጣሁ፤ ሁለት ሰዓት ያህል ስቀመጥ ካፖርቴን ከፍቼ ነበር።

ሕፃናት ላሏቸው እናቶች አንድ ነገር በብርቱ ማሳሰብ እፈልጋለሁ። በሀገራችን ሕፃንን የጠዋት ፀሐይ ማሞቅ የቆየና የሚጠቅም ልማድ ነው፤ በዚህ ኬክሮስ ግን በክረምት ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትጓዝ፣ ቆዳችን ቫይታሚን ዲ እንዲሠራ የሚያደርገው ጨረር አየሩን አልፎ ለመድረስ አቅም የለውም፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ከሌላው የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ የመስታወቱም ሆነ የተራራው ፀሐይ በጤና ጣቢያ ለሕፃናት የሚመከረውን የቫይታሚን ዲ ጠብታ አይተካም። በመጋቢትና በሚያዝያ ነገሩ ይገለበጣል፤ በረዶ የሚመልሰው ጨረር ዓይን ስለሚጎዳ፣ የፀሐይ መነጽር ለልጆችም ጭምር መያዝ ግዴታ ነው።

ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ያለ ማመንታት ኬብል ካሩን እመርጣለሁ። ሁለቱንም በአንድ ቀን ማየት የሚፈልግ ከየካቲት አጋማሽ እስከ የካቲት መጨረሻ ባለው ጊዜ ይሂድ፤ ያኔ ፀሐይ ላይኛው ተራራ ላይ ሰውነት ለማሞቅ በቂ ኃይል አግኝታለች፣ ወደ ከተማው ግን ገና ስላልገባች መስታወቶቹ ሥራ ላይ ናቸው። ከመነሣት በፊት የአየሩን ትንበያና የኬብል ካሩን የሥራ ሰዓት ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ደመና ካለ መስታወቶቹ የሚያወርዱት ነገር የለም፣ ኃይለኛ ነፋስ ካለም እንዲህ ያለ መጓጓዣ ይቆማል።