ሪያል አሳይቶ ዶላር ማስከፈል፦ ለኦንላይን ሱቃችሁ የትኛው የምንዛሪ አሠራር ይሻላል?

በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡናና የሐበሻ ቀሚስ ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ፣ ወደ እስራኤልና ወደ ዐረብ አገር የሚልኩ ባለሱቆች ሁሉ የሚጠይቁት አንድ ነው፦ «ደንበኛው ዋጋውን በአገሩ ገንዘብ እንዲያይ የቱን ልጫን?» ዉኮሜርስ (በዎርድፕረስ ድረ ገጽ ላይ የሚገጠም የሱቅ ሶፍትዌር) ላይ ከሆናችሁ፣ ክፍያውንም በዚያው ገንዘብ የሚቀበል ፕለጊን (ተጨማሪ መሣሪያ) ግዙና ዋጋውን ለሦስት ወይም ለአራት ገንዘቦች በእጃችሁ ጻፉ። ሾፒፋይ (በወር ክፍያ የሚከራይ የኦንላይን ሱቅ አገልግሎት) ላይ ያላችሁ ለዚህ ብላችሁ ቤት አትቀይሩ። ዋጋ መንዝሮ ከማሳየት የማያልፈውን ግን በነጻ ቢሰጧችሁም አትንኩት።

ማሳያ ብቻ የሆነው ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። ጀርመን ያለችው ደንበኛ ቀሚሱን በዩሮ አይታ ትመርጣለች፤ ካርድ የምታስገባበት ገጽ ላይ ስትደርስ ዋጋው ዶላር ሆኖ ይጠብቃታል። ገፍታ ብትከፍልም ባንኳ በራሱ ተመን መንዝሮ፣ አንዳንዴም የውጭ ግብይት ኮሚሽን ደርቦ ካየችው በላይ ይቆርጥባታል። ከዚያ «የተቆረጠብኝ ካየሁት ይለያል» ብላ በባንኳ በኩል ክርክር ስታስነሳ መልስ ሰጪው እናንተ ናችሁ።

የሚያናድደው፣ ገንዘብ የተከፈለበት ፕለጊንም ካልተስተካከለ ማሳያ ብቻ ሆኖ መቅረቱ ነው። ፎክስ በሚባለው የዉኮሜርስ ፕለጊን (ድሮ ዉክስ ይባል የነበረው) ላይ «ኢዝ መልቲፕል አላውድ» የሚለውን «የስ» ካላደረጋችሁ ቼክአውቱ (የመክፈያው ገጽ) ወደ ሱቁ ዋና ገንዘብ ይመለሳል። ከርሲ በሚባለው ሌላ ፕለጊን ላይም በቼክአውት ክፍል የሚበራ ተመሳሳይ ማብሪያ አለ። የሁለቱም ነጻ ቅጂ ለሁለት ገንዘብ ብቻ ስለሆነ ዶላርና ዩሮ ለሚበቃው ሰው መግዛት አያስፈልግም።

ማብሪያውን አብርታችሁም የፔይፓል ወጥመድ አለ። ፔይፓል ዩሮ፣ ፓውንድና የእስራኤል ሸቀል ይቀበላል፤ የሳዑዲ ሪያልና የኤምሬትስ ድርሃም ግን አይቀበልም። ለሪያድና ለዱባይ ደንበኛ ስትራይፕ ወይም ሌላ የካርድ መቀበያ ካልገጠማችሁ በሪያል ማሳየቱ ዋጋ የለውም።

አሁን ወደ ሳንቲሙ። የ100 ዶላር ቀሚስ ለአውሮፓ ደንበኛ ስትሸጡ ስትራይፕ ለአሜሪካ ነጋዴ በተለመደው ታሪፍ 2.9% እና 30 ሳንቲም፣ ለውጭ ካርድ 1.5%፣ ለምንዛሪ 1% ይወስዳል፤ እጃችሁ የሚገባው 94.30 ዶላር ነው። ፔይፓል 3.49% እና 49 ሳንቲም፣ ለውጭ አገር ክፍያ 1.5%፣ ለምንዛሪ ደግሞ ከ3 እስከ 4% ይቆርጣል፤ የሚተርፋችሁ 91 ዶላር ገደማ ነው። በሃያ ቀሚስ ከ60 ዶላር በላይ ልዩነት!

ሾፒፋይ ሥራውን ያቀላል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ነው። መነሻ እቅዱ በወር 39 ዶላር ነው፤ የዓመቱን አንዴ ከከፈላችሁ ወደ 29 ይወርዳል። በየአገሩ ገንዘብ ማስከፈል የሚቻለው ግን የሾፒፋይ የራሱ መቀበያ የሆነው ሾፒፋይ ፔይመንትስ ካላችሁ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ለተመዘገበ ድርጅት አይሰጥም። አዲስ አበባ ሆኖ ሾፒፋይ የሚከፍት ሰው በሌላ መቀበያ ሲሠራ በመነሻ እቅዱ ተጨማሪ 2% ይቆረጥበታል፣ ማስከፈያ ገንዘቡም አንድ ሆኖ ይቀራል። አሜሪካ ላለ ሱቅ የምንዛሪ ክፍያው 1.5% ሲሆን፣ አውቶማቲክ ተመን ከመረጣችሁ ደንበኛው በሚያየው ዋጋ ውስጥ ይደመራል። ቋሚ ዋጋ ከጻፋችሁ ከኪሳችሁ ይወጣልና ስትተምኑ አስቡት።

ቋሚ ዋጋን የምመርጠው በተለይ ለዐረብ አገር ነው። ሪያል በ3.75፣ ድርሃም በ3.6725 ከዶላር ጋር የታሰሩ ናቸው፤ በየሰዓቱ ተመን ለሚያመጣ አገልግሎት መክፈል ብክነት ነው። የ40 ዶላር ጥቅል 150 ሪያል ብላችሁ ጻፉና እርሱት። ዩሮና ሸቀል ስለሚዋዥቁ በወር አንዴ እዩአቸው፤ 2 ወይም 3% መጠባበቂያ ጨምሩባቸው። ለአውሮፓና ለእስራኤል ሸማች የሚጻፈው ዋጋ ተጨማሪ እሴት ታክስ (ቫት) ያካተተ መሆን አለበት፤ የዶላሩን ዋጋ ዝም ብሎ መመንዘር ይህን አያውቅም። በብር የሚሸጥ ግን ቋሚ ዋጋ አይሞክር። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አልፏል።

የኩዌት፣ የባሕሬንና የኦማን ገንዘብ ከነጥብ በኋላ ሦስት አሃዝ አለው። ፕለጊኑ ይህን ካላወቀ 7.250 ዲናር 0.725 ሆኖ ሊቆረጥ ይችላል። ስትራይፕ የመጨረሻው አሃዝ ዜሮ እንዲሆን ስለሚፈልግ 7.255 ብላችሁ አትጻፉ።

የዕቃው ዋጋ ተቀይሮ ሌላው ሳይቀየር መቅረቱ ደግሞ የተለመደ ነው። «ከ100 በላይ ለገዛ መላኪያ ነጻ» ያላችሁት ቁጥር ካልተመነዘረ፣ የሳዑዲው ደንበኛ 100 ሪያል፣ ማለትም 26.67 ዶላር አውጥቶ ነጻ ይላክለታል። የ10 ዶላር ኩፖንም 10 የኩዌት ዲናር ከሆነ ከ30 ዶላር በላይ ቅናሽ ነው። የመላኪያ ተመኑንና ኩፖኑን በየገንዘቡ አንድ በአንድ ፈትሹ።

ተሰብሮ በነጻ የሚታደለውን «ፕሪሚየም» ፕለጊን ከመጫንስ ዶላር ብቻ ይዞ መቆየት ይሻላል። ማሻሻያ አያገኝም፤ ብዙ ጊዜም የኋላ በር (ሰርጎ ገብ የሚገባበት ስውር ኮድ) ተቀብሮበት ይመጣል። የካርድ ክፍያ በሚያልፍበት ሱቅ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም።

ከተጫነ በኋላ የሚመጣው ትልቁ ብልሽት ከካሽ ነው፤ ካሽ ማለት ቶሎ እንዲከፈት አስቀድሞ ተዘጋጅቶ የሚቀመጥ የገጽ ቅጂ ነው። ገጹ ለመጀመሪያው ጎብኚ በሸቀል ተዘጋጅቶ ከተቀመጠ ቀጣዩ የዱባይ ጎብኚም ሸቀል ያያል። ዉኮሜርስ ውስጥ የደንበኛ መገኛ ምርጫውን ካሽን ወደሚደግፈው ቀይሩት፤ የማክስማይንድ (ጎብኚው ያለበትን አገር የሚለይ አገልግሎት) ነጻ ቁልፍም አስገቡ። ፕለጊኑ ራሱ ከካሽ ጋር የሚያስማማ ማብሪያ ካለው አብሩት። ቪፒኤን የሚጠቀም ደንበኛ የተሳሳተ አገር ስለሚያሳይ በእጅ መቀየሪያው ከላይ በግልጽ ይቀመጥ።

መሞከሪያው ቀላል ነው፦ በየገንዘቡ ርካሹን ዕቃ በእውነተኛ ካርድ ግዙ፣ የስትራይፕ መዝገብ ላይ የገባው ገንዘብ ያው መሆኑን እዩ፣ ከዚያ መልሱት። ኮሚሽኑ አይመለስም፤ ተመላሹም የሚሰላው በዕለቱ ተመን ስለሆነ ጥቂት ሳንቲም ሊጎድል ይችላል።