የእናቴን ዐይን ላተረፉልን ቄስ እና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብዬ ዝም ማለት ስላልሆነልኝ ነው ይህን የምጽፈው። ምሥራቅ ጎጃም ገጠር ያሉ አንድ ቄስ እና አብራቸው የምትሠራ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የእናቴን ዐይን አትርፈውልናል። ቄሱ ስማቸው እንዲነሣ ስለማይፈልጉ አልጠራቸውም።

እናቴን ለዓመታት ያሠቃያት የዐይን ማዝ ነው፤ ሐኪሞቹ ትራኮማ ይሉታል። የዐይን ቆቧ ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ሽፋሽፍቷ ብሌኗን ይወጋታል። ወረንጦዋን ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አስራ ነበር የምትውለው። ስትነቅለው ትንሽ ታርፋለች፤ መልሶ ሲበቅል እንደ መርፌ ነው። ጢስ አትችል፣ ፀሐይ አትችል፤ በኋላማ ማስቀደስም አቃታት።

ከተማ አምጥተን ያላዞርናት ቦታ የለም። አንዱ ጋ ጠብታ፣ ሌላው ጋ ቅባት፣ ሌላው ጋ ደግሞ መነጽር ሸጡልን። የዐይን ቆቧን ገልበጥ አድርጎ እንኳን ያላየ ሰው ገንዘባችንን ተቀብሎ ሸኝቶናል። አንደኛው ጭራሽ እሷ እየሰማች «በዚህ ዕድሜያቸው ምን ያደርግላቸዋል?» አለን። ገንዘቡስ ይሁን፤ እናቴ ግን ከዚያ ወዲያ «በቃኝ፣ አታንከራቱኝ» ብላ አገሯ ገባች። ያ ንግግር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

እኛ ተስፋ ስንቆርጥ ቄሱ ደረሱልን። የጤና ሥልጠና ወስደው ነበርና እሑድ እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ፣ ሕዝቡ ሳይበተን፣ ከኤክስቴንሽኗ ጋር ሆነው ያስተምራሉ። ፊት መታጠብን፣ የልጆች ዐይን ላይ ዝንብ አለማሳረፍን፣ ሽንት ቤት መቆፈርን፣ በአንድ ነጠላ የሁሉን ልጅ ፊት አለመጥረግን። ጠበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒት አይወስድም ለሚሉት «ጠበሉንም ተጠመቁ፣ መድኃኒቱንም ዋጡ፤ ሁለቱንም የሰጠ አንድ ጌታ ነው» ይሏቸዋል።

እናቴን ልጠይቅ ሄጄ በዐይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። በክልሉ በ2001 ዓ.ም. የወባና የትራኮማ ሳምንት ተብሎ በተጀመረው ዘመቻ የሚሰጠው የትራኮማ መድኃኒት የመጣ ቀን ነው። መጠኑ የሚታወቀው በቁመት መለኪያ ዘንግ ነው። ሕዝቡ «ያመክናል» የሚል ወሬ ሰምቶ ፈርቷል፤ የሚቀርብ ጠፋ። ቄሱ ቅዳሴው እስኪያልቅ መድኃኒቱን አስቆዩ፤ ጾም ያስፈታል የሚል እንዳይኖር ነው። ከዚያ ጥምጥማቸውን አውልቀው፣ መስቀላቸውን ለዲያቆኑ ሰጥተው፣ ዘንጉ ሥር ቀጥ ብለው ቆሙ። ኤክስቴንሽኗ ለካቻቸው፤ ቆጥራ ሰጠቻቸው፤ ሁሉም እያያቸው ዋጡ። ቀጥለው የገዛ ልጆቻቸውን አሰለፉ። ከዚያ በኋላ ሰልፉን መቆጣጠር አልተቻለም! እናቴም ከነፍርሃቷ ገባችበት።

ለዐይን ቆቧ ቀዶ ሕክምናም ያሳመኗት እሳቸው ናቸው። «ያሳውሩኛል» ብላ እምቢ ስትል አልተቆጧትም። ቀድማ የተሠራች ሴት ይዘውላት መጡና ሁለቱን አነጋገሯቸው። ቀኑ ሲደርስ እስከ ጤና ጣቢያው አብረዋት በእግራቸው ሄዱ፤ እስክትወጣም በር ላይ ውዳሴ ማርያም እየደገሙ ጠበቋት። እንዴት እንደሚሠራ እኔ አላውቅም። የማውቀው የዚያኑ ቀን ዐይኗ ታሽጎ ቤቷ መግባቷን፣ አንድም ብር አለመክፈሏን ነው። እስኪሽርላት ድረስ የጽዋ ማኅበሯ ሴቶች በተራ ውኃ ቀዱላት፣ እንጀራ ጋገሩላት። ይህንንም ያስተባበሩት እሳቸው ናቸው። የትኛው ከተማ ነው ይህን ያደረገልን?

ወረንጦው ከአንገቷ ወርዷል። እናቴ ዛሬ ቆማ ታስቀድሳለች።

ገጠር እናት አባት ያላችሁ፣ እባካችሁ፣ እባካችሁ! ዐይናቸውን ሲያሹና ሽፋሽፍታቸውን ሲነቅሉ ካያችሁ እርጅና ነው ብላችሁ አትለፉት። እንደ እኛ በየከተማው ከማንከራተታችሁ በፊት የቀበሌውን ጤና ኬላ ጠይቁ፤ የንስሐ አባታቸውን አነጋግሩ። እናቶቻችን እኛን ባይሰሙ እሳቸውን ይሰማሉ። ሰበካ ጉባኤ ውስጥ ያላችሁም ካህናቶቻችሁን ከጤና ሠራተኞቹ ጋር አገናኙ፤ ከቅዳሴ በኋላ ትንሽ ጊዜ ስጧቸው።

አባቴ፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። አንቺም እህቴ፣ በዚያ አቀበት ቤት ለቤት የምትወጪ የምትወርጂው፣ ክፉ አይንካሽ። በዚያ አካባቢ የሚቀጥለው የዐይን ቀዶ ሕክምና ዘመቻ መቼ እንደሆነ የምታውቁ ደግሞ እዚህ ጻፉልን፤ የጎረቤታችን እናት እየጠበቁ ነው።