«ዲስክሽ ሞቷል» ቢሏችሁ እንዳታምኑ

ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው። ዛሬ ላፕቶፕ ጥገና ቤት ገብቼ፣ ደህና ኤስኤስዲዬን (ፋይሎቼ ሁሉ ያሉበትን ዲስክ) ለሰው አስረክቤ ወጣሁ።

ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ሌላ ሲስተም) ልጭን ብዬ ላፕቶፑን በፍላሽ አስነስቼው ነበር። ሁሉም ደህና ሄዶ ዲስክ መምረጫው ጋ ሲደርስ ዝርዝሩ ባዶ ሆነ። ዊንዶውስ ግን እዚያው ዲስክ ላይ ጠዋት ሲሠራ ነበር! እንዴት ይህን ረሳሁ? የሞተ ዲስክ ዊንዶውስ ያስነሳል?

የጥገና ቤቱ ልጅ ባዶውን ዝርዝር አየና ራሱን ነቀነቀ። «ዲስክሽ ሞቷል እህቴ፣ መቀየር አለበት።» ጠዋት ይሠራ እንደነበር ልነግረው ስጀምር፣ «ሊኑክስ ምን ያደርግልሻል? አርፈሽ ዊንዶውስሽን አትጠቀሚም?» ብሎ ወደ ጓደኛው ዞሮ ሳቀ። አፈርኩ። ቀይረው አልኩት።

አዲሱን ገጠመ፣ አስነሳው። አዲሱም አልታየም! አጠገቡ ቆሜ በዓይኔ አይቻለሁ። አልደነገጠም፣ ምንም አላለም። አጥፍቶ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የላፕቶፑ ሴቲንግ) ውስጥ ገባ፤ የስቶሬጁን ሴቲንግ ከሬይድ ወደ ኤኤችሲአይ ቀየረ (ላፕቶፑ ከዲስኩ ጋር የሚገናኝባቸው ሁለት መንገዶች ናቸው)፤ ኤፍ10 ተጭኖ ሴቭ አደረገ። ዲስኩ ብቅ አለ። «አየሽ፣ አዲስ ሲሆን እንዲህ ነው» አለኝ። እኔም አመስግኜ ከፈልኩ። አመስግኜ!

ቤት ገብቼ ሳነብ ነው የነቃሁት። ብዙ የኢንቴል ላፕቶፖች አርኤስቲ የሚባለው የኢንቴል የስቶሬጅ ሴቲንግ (ልጁ የቀየረው ያ ሬይድ) በርቶ ነው ከፋብሪካ የሚመጡት። እሱ ሲበራ የሊኑክስ መጫኛው ዲስኩን ላያየው ይችላል። ዲስኩ ምንም አልሆነም። ልጁ ደግሞ ያውቃል፤ እጁ በቀጥታ ወደዚያ ነው የሄደው።

ተመልሼ «አሮጌውን ስጠኝ» አልኩት። «ጣልነው» አለኝ፤ ቀና ብሎም አላየኝም። የቤተሰቤ ፎቶ፣ የሥራ ሰነዴ፣ ሁሉም እዚያ ላይ ነው። ዲስኩን በይለፍ ቃል አልቆለፍኩትም ነበር፤ ያገኘው ሰው ከፍቶ ሊያየው ይችላል።

ዲስካችሁ ባዮስ ውስጥ በስሙ ከታየ፣ ይህን ሴቲንግ ሳያይ ሞቷል ለሚላችሁ ሰው አትክፈሉ። ሴቲንጉን ከመቀየራችሁ በፊት ግን ፋይላችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ፤ ዊንዶውስ ሳይዘጋጅ ከተቀየረበት አልነሳም ይላል። የተፈታውን ዕቃ ደግሞ እጃችሁ ሳታስገቡ እንዳትወጡ።

እኔ አሁን የይለፍ ቃሎቼን አንድ በአንድ እየቀየርኩ ነው።