የሐረጎን ዳገት ወጥቶ መንገዳችንን ለከፈተልን የኮምቦልቻ ባለትራክተር፦ ምስጋናም ጥቆማም

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች፣ ክረምቱ እንዴት ይዟችኋል? ይህን ጽሁፍ እጽፋለሁ ብዬ ቃል ከገባሁ ወር ሊሞላኝ ነው። ዛሬ ሰማዩ በጦሳ ተራራ በኩል ሲጠቁር ሳይ፣ ማታ አንዱ ሰፈር ተቸግሮ ስልክ ሲያፈላልግ ሊያድር ይችላል ብዬ ሱቄን ቀደም ብዬ ዘጋሁና ተቀመጥኩ።

ሰፈራችን ተራራው ሥር ነው። ደሴን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ በጋውን ተራራው ከላይ እኛ ከታች በሰላም እንኖራለን፣ ክረምት ሲገባ ተራራው ጥቂት ጥቂት እያለ ወደ እኛ ይወርዳል። ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደብን። ግማሽ ሰዓት ቢቆይ ነው። ቆርቆሮው ላይ ሲንኮሻኮሽ ጆሮ ያደነቁራል፤ አንዲት ደንበኛዬ ስኳር ብላኝ ጨው መዝኜ ሰጥቻታለሁ፣ እሷም ሳታየው ወስዳው በማግስቱ ነው እየሳቀች የመለሰችው። ሲያባራ ብንወጣ ኮብልስቶኑ የለም። ከላይ የተንሸራተተው ጥቁር አፈር፣ ጠጠርና ያልሟሟ በረዶ አንድ ላይ ተለውሶ ከሰፈሩ መግቢያ እስከ መስጊዱ ጥግ ተኝቷል። አንዳንዱ ቦታ ላይ ጉልበት ይደርሳል። ባጃጅ አይገባም፣ ዱቄት የሚያመጣልኝ ጋሪ አይገባም፣ ሰው ጫማውን በእጁ ይዞ ነው የሚያልፈው።

ኮሚቴው ተሰብስቦ 31 ቤት፣ በየቤቱ 600 ብር አዋጣና ሎደር ተከራየን። ገንዘብ ያዡ እኔ ስለሆንኩ የከፈልኩትም እኔ ነኝ፤ እስካሁን ይቆጨኛል። የማን ሎደር እንደነበር አልናገርም። ሰውየው እንደመጣ አካፋውን አወረደ፣ ጥርሳሙ ብረት ኮብሉን እንደ በቆሎ ፈለፈለው። ጭቃውን ከነድንጋዩ ገፍቶ ገፍቶ ታች ያለው ቦይ ውስጥ ሞጀረው፣ የአንድ ጎረቤታችንን የውሃ ቱቦ በጠሰ፣ «ሌላ ሥራ አለብኝ» ብሎ በ50 ደቂቃ ሄደ። ለዓይን መንገዱ ተጠርጓል። በሦስተኛው ቀን ሲዘንብ ግን ውሃው ቦዩን ቢያጣው ሦስት ቤት ገባ፣ የተሞጀረውም ጭቃ ተመልሶ መንገዱ ላይ ወጣ፣ ከላይም አዲስ ተጨመረበት። በ18,600 ብር ችግራችንን አሳደስን ማለት ነው።

ባለትራክተሩን የጠቆመኝ ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ደንበኛዬ ነው። «ኮምቦልቻ አንድ ልጅ አለ፣ የእርሻ ትራክተር ፊት ላይ መጥረጊያ የገጠመ። እሱን ሞክሩት» አለኝ። ደወልኩ። እኔ ዋጋ ልጠይቅ ተዘጋጅቻለሁ፣ እሱ ቀድሞ ጠየቀኝ፦ «ጋሼ፣ መሬቱ ምንድን ነው? አስፋልት ነው፣ ኮብል ነው፣ ጠጠር ነው?» ነገርኩት። ቀጠለና «ጭቃውን የት ነው የማደርገው?» አለኝ።

እውነቱን ልናገር፣ ተናደድኩ። እኔ የት አውቄ! እሱ አይደል ጠራጊው? «እሱን እዚህ ስትደርስ እናየዋለን» ስለው «አይ ጋሼ፣ የሚጣልበትን ሳላውቅ ሐረጎን አልወጣም፤ ነዳጁም ይባክናል፣ እናንተም ትጣላላችሁ። ዛሬ ማታ ተመካከሩና ደውሉልኝ። አብሽር፣ ይደርሳል» ብሎኝ ዘጋ። ማታ መስጊዱ በር ላይ ቆመን ስንከራከር ነው የገባኝ። አንዱ «ወደ ታች ይገፋ» ይላል፣ ታች ያለው «እኔ ቤት ላይ?» ይላል። ለካ ሎደሩን ስናመጣ ይህን ጥያቄ ማንም አልጠየቀም ነበር። በመጨረሻ ከሰፈሩ በላይ በኩል ያለውን ባዶ ቦታ ባለቤቱን ለምነን አስፈቀድን፤ ደረቁ ሲለይ ለግንብ መሙያ እንደሚፈልገው ነገረን።

በማግስቱ ሱብሒ ሰግዶ ተነስቷል። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ነገር ግን 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ነው፤ ትራክተር ደግሞ ትራክተር ነው። ጉሙ ውስጥ መጥረጊያውን ወደ ላይ አንስቶ፣ ከኋላው የተደረደረውን ሲኖትራክ ሁሉ በየመታጠፊያው ዳር እየያዘ እያሳለፈ መጣ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ እኛ ጋ ደረሰ።

ስለዚያ መጥረጊያ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ግማሹ ምስጋና የእሱ ነው። ወፍራም የብረት ቱቦ ለሁለት ተሰንጥቆ የተሠራ ስለሆነ ፊቱ ጎባጣ ነው፤ ጭቃው ፊቱ ላይ አይከመርም፣ እየተጠቀለለ ወደ ጎን ይወጣል። ቀጥ ብሎም አይቆምም፣ ሰያፍ ነው፤ በሦስት ቀዳዳ ላይ በሚገባ ካስማ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ያዞረዋል። ከታች መሬት የሚነካው ጠርዝ ብረት አይደለም። አሮጌ የከባድ መኪና ጎማ ተቆርጦ በብሎን ታስሮበታል። ኮብሉን የማይፈነቅለው ለዚህ ነው። ከኋላው የአይሱዙ ባሌስትራ አለው፤ የተደበቀ ድንጋይ ወይም የጉድጓድ ክዳን ሲመታ መጥረጊያው እጥፍ ብሎ ያልፍና ተመልሶ ይቆማል። እጄን ሰድጄ የተበየደበትን ስዳስሰው ልጁ ሳቀና «ፈረንጅ በረዶ የሚጠርግበትን ስልክ ላይ አይቼ ነው። ሰው መኪናውን ያያል፣ እኔ ሌሊቱን ሙሉ ከሥር ያለውን ሳይ አደርኩ» አለኝ።

ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሞተሩን አጥፍቶ መንገዱን ከላይ እስከ ታች በእግሩ ሄደ። ረዳቱ፣ ዕድሜው ሃያ የማይሞላ ልጅ፣ ቀጭን ብረት ይዞ ጭቃውን እየወጋ ቆጣሪ፣ ክዳንና ቱቦ ያለበት ሁሉ ላይ ቀይ ጨርቅ ያሰረበት እንጨት ይተክላል። 14 እንጨት ቆጥሬያለሁ። ያ ሎደር የበጠሰው ቱቦም አንድ እንጨት ደረሰው፣ ከረፈደ ቢሆንም።

የጥጓ ቤት እማማ በረንዳቸው ላይ ነጠላቸውን ደርበው እያዩ ነበር። ባለትራክተሩ ፊታቸው ሲደርስ ዝቅ ብሎ ሰላምታ ሰጠና «እማማ፣ ይህ ቦይ ሳይሠራ በፊት ውሃው በየት ነበር የሚወርደው?» አላቸው። እኛ አጠገባቸው ስንት ዓመት ኖረን ጠይቀናቸው አናውቅም። እማማ ከዘራቸውን አንስተው የእኔን ሱቅ ጀርባ ጠቆሙ፦ «በዚያ ነበራ! በጃንሆይ ጊዜ የተቀበረ የሲሚንቶ ቱቦ አለ። ልጅ ሆነን እየተሹለኮለክን ተጫውተንበታል። ደግሞ ለምን እንደዘጉት እንጃ።» የሰፈሩ ልጆች ዶማና አካፋ ይዘው ቢቆፍሩ፣ ክንድ ያህል ዝቅ ብሎ የቱቦው ከንፈር ብቅ አለ። አፉ ውስጥ የተወተፈው ሲወጣ የታቆረው ውሃ ጉሮሮውን እየጠረገ ሲሄድ ሁላችንም ቆመን ሰማን። እማማ «አላልኳችሁም?» አሉ። አላሉንም ነበር፣ ግን ማን ይከራከራል።

ከዚያ በኋላ ያለው አምስት ሰዓት ያህል ፈጀ። ዝርዝሩን አልደግምላችሁም፤ እየሄደ፣ እየተመለሰ፣ ጭቃውን ከመሀል ወደ አንድ ዳር እያወጣ፣ ከዳር ደግሞ ወደ ባዶው ቦታ እየሰበሰበ ነው። አንድ ነገር ግን ሳልጠቅስ አላልፍም። በየሰው በር ሲደርስ መጥረጊያውን ያነሳል፣ ትራክተሩን ያዞራል፣ ከበሩ ፊት የቀረችውን ክምር ለብቻዋ ይመልሳታል። 31 በር፣ 31 ጊዜ። ጊዜ ይፈጃል፣ ነዳጅ ይፈጃል። ማንም እንዲህ አድርግ አላለውም።

ይህን ሁሉ በቪዲዮ ስልክ ሞንትሪያል ካናዳ ላለው ታናሽ ወንድሜ አሳየሁት። እነሱ ጋ በአንድ ክረምት የሚጥለው በረዶ ተደምሮ ከ2 ሜትር ይበልጣል፣ እሱም መጀመሪያ በሄደበት ጊዜ ከበረዶ ጠራጊዎች ጋር ሠርቷል። መጥረጊያውን ሲያይ «ይኼማ የእኛው ነው!» ብሎ ጮኸ። ሰያፍነቱም፣ ጉብጠቱም፣ ሲመታ የሚታጠፍበት ስፕሪንግም እነሱ ጋ እንዳለ ነገረን፤ ክረምት ከመግባቱ በፊት በረዶ የሚሸፍነው ነገር አጠገብ እንጨት መትከልም እንዲሁ። በአንድ ነገር ግን ቀናብን። እዚያ ጠራጊው መንገዱን ከፍቶ ሲያልፍ የገፋውን በረዶ በየሰው ግቢ በር ላይ ከምሮት ይሄዳል፤ ሰው ጠዋት አካፋ ይዞ የራሱን በር ሊከፍት ይወጣል፣ ይሳደባልም። «በሩን ለብቻ የሚመልስልህን ሰው ምን ብላችሁ አገኛችሁት?» አለኝ።

የት ይጣል የሚለው ጥያቄ እነሱንም እንደሚያስጨንቃቸው ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ሞንትሪያል ውስጥ በረዶውን ዳር ገፍተው አይተዉትም፤ ፈጭቶ የሚተፋ ማሽን እየጫነው በከባድ መኪና ወስደው ይደፉታል፣ ከዚያ በፊት የቆሙ መኪኖች እንዲነሱ ሳይረን ይነፋል። የሚተፋውን ማሽን በፈረንጆቹ 1925 የሠራው አርቱር ሲካር የሚባል የዚያው የኩቤክ ሰው ነው አለ፤ ሐሳቡን ያገኘው ከእህል መውቂያ ማሽን ነው። ልጁ ይህን ሲሰማ ዝም ብሎ ቆየና «መውቂያ?» አለ። ቀጥሎ ምን ሊበይድ እንዳሰበ አላህ ይወቅ።

ወንድሜ በረዶ ለማሟሟት መንገድ ላይ ጨው እንደሚበትኑም፣ ብርዱ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ገደማ ካለፈ ግን ተራው ጨው ብዙ እንደማይረዳ ሲናገር እማማ አቋረጡት። «ጨው? መንገድ ላይ? ጥጋብ ነው!» ብለው ቡናቸውን ለመቁላት ገቡ።

እንከንም ልናገር፣ ካልሆነ የተከፈለኝ ይመስላችኋል። ትራክተሩ ዘይት ያንጠባጥባል። ሥራ ላይ ሆኖ ስልክ አያነሳም፤ ሦስቴ አራቴ መደወል አለባችሁ። ጎማ ጠርዝ እንደ ብረት ፈግፍጎ ስለማያወጣ ስስ ጭቃ ይተዋል፤ እሱን እኛው በመጥረጊያና በባልዲ ውሃ ጨረስነው። የአንድ ጎረቤታችንን የደረጃ ጫፍም ሰብሯል። ያን ዕለት ማንም አላየም ነበር፣ ራሱ ነው ጠርቶ ያሳየን፤ በሳምንቱ እሑድ ሲሚንቶና አሸዋ ይዞ በሚኒባስ መጥቶ ለስኖት ሄደ። የሚኒባሱን እንኳ አልተቀበለንም።

ደግሞ ለሁሉም ነገር እሱን አትጥሩ። ትልልቅ ድንጋይ የወረደበት ናዳ ከሆነ፣ ወይም ጭቃው ከወገብ በላይ ከሆነ፣ የእሱ ሥራ አይደለም፤ ኤክስካቫተር ያስፈልጋችኋል። ይህንንም የነገረኝ እሱ ነው። ለሰፈር ውስጥ መንገድ፣ ለኮብል፣ ለግቢ፣ ጎርፍ ላለበሰው የመጋዘን ደጅ ግን ከእሱ የተሻለ አላየሁም። እኛ በየቤቱ 450 ብር፣ በድምሩ 13,950 ብር ነው የከፈልነው፣ ነዳጁንና የረዳቱን ጨምሮ። ስንከፍለው ቆጥሮ አልተቀበለም፣ ለረዳቱ ሰጠው፤ ረዳቱ ቆጠረና 200 ብር ትርፍ አለው ብሎ መለሰልኝ። ገንዘብ ያዥ ነኝ ብዬ ለምናገር ሰው ማፈሪያ ነበር።

የተፈለፈለውን ኮብል የሰፈሩ ወጣቶች መልሰው እያነጠፉት ነው፤ እነሱንም አላህ ይስጥልን፣ እግዜር ይስጥልን። ከዚያ ቀን በኋላ አራት ጊዜ ከባድ ዝናብ ጥሏል፣ ውሃው በእማማ ቱቦ ይሄዳል።

ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል፣ «ሥራ ሲበዛ ሥራ ይበላሻል» ብሎ። ስልኩን ግን በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ሁሉ እንድሰጥ ፈቅዷል። ከመደወላችሁ በፊት መሬቱ ምን እንደሆነና ጭቃው የት እንደሚጣል ተመካከሩ፤ ቀድሞ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። አርብ ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት አትደውሉ፣ ጁምዓ ላይ ነው።